ሰውን መረዳትና ብርን መመጠን፦ ሁለቱን በአንድ የእጅ ሥራ ለልጆች ማስተማር እንዴት ይቻላል?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ገንዘብ የሚነገረው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲሆን፣ ለሰው ስለ ማሰብ የሚነገረው ደግሞ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ነው። በሒሳብ መጽሐፉ አንድ ሰው 12 ደብተር ይገዛል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ደብተሩን ለማን እንደሚገዛ፣ ገንዘቡ ባይበቃው የትኛውን እንደሚተው የሚጠይቅ የለም። በግብረ ገብ ትምህርቱ ደግሞ የተቸገረን መርዳት ተገቢ መሆኑ ይነገራል፤ ዕርዳታው ስንት ብር እንደሚፈጅና ተረጂው በእርግጥ የሚፈልገው ያንኑ መሆን አለመሆኑን ግን የሚያሰላ የለም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ የንድፍ ሥራ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን፣ ሥራው እንዴት እንደሚመራና የት ላይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በሐዋሳ ከተማ የሚገኝን አንድ ክፍል በምናብ ወስዶ ያብራራል። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ልጆች ሰውን ምን ያህል እንደተረዱ የሚፈተነው የተወሰነ ገንዘብ በእጃቸው ሲገባ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ለሁሉም ነገር አይበቃም፤ ለየትኛው መዋል እንዳለበት የሚያውቀው ደግሞ ሰውየውን በሚገባ ያዳመጠ ብቻ ነው።

የንድፍ ሥራ ስንል ለአንድ የታወቀ ሰው፣ ለአንድ የታወቀ ችግር የሚሆን ዕቃ አስቦ፣ ሞክሮ፣ አርሞ መሥራት ማለታችን ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ኬሊ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው የንድፍ ተቋም ይህን አካሄድ በአምስት ደረጃ ከፍሎ በሰፊው አስተዋውቆታል፤ እነርሱም ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ብዙ ሐሳብ ማመንጨት፣ ቀለል ያለ ናሙና መሥራትና ናሙናውን በተጠቃሚው እጅ መሞከር ናቸው። በሥራ የመማር ሐሳብ ግን ከዚህ እጅግ ይቀድማል፤ ዊልያም ኪልፓትሪክ የፕሮጀክት ዘዴ ያለውን አሠራር ለመምህራን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1918 ነበር። በእኔ አስተያየት ለአንደኛ ደረጃ ከአምስቱ ደረጃዎች የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ማለትም ሰውየውን መረዳትና ሥራውን በእርሱ እጅ መሞከር፣ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

ዕድሜውም ለዚህ ተስማሚ ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከባርበል ኢንሄልደር ጋር ባካሄደው የታወቀ ሙከራ፣ ልጆች በጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ የሦስት ተራሮችን ቅርፅ እያዩ በሌላ አቅጣጫ የተቀመጠ አሻንጉሊት ምን እንደሚታየው ይጠየቁ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች አሻንጉሊቱም እነርሱ የሚያዩትን እንደሚያይ አድርገው መለሱ። ፒያዤ ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች በሚጨበጥና በሚታይ ነገር ላይ ተመሥርተው በሥርዓት ማሰብ እንደሚጀምሩ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርቲን ሂዩዝ የተባለ ተመራማሪ ጥያቄውን ወደ ልጆች ጨዋታ አቀረበውና፣ ፖሊስ እንዳያየው የሚደበቅ አሻንጉሊት የት ቢቆም እንደሚሻል ሲጠይቃቸው፣ ከዚያ በጣም ያነሱ ልጆች በትክክል መለሱ። ለመምህር ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጅ የሌላውን ዕይታ መገመት የሚከብደው ነገሩ ከኑሮው ሲርቅበት ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በዓለም ላይ ስላሉ ችግረኞች በጠቅላላው መሆን የለበትም፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩትን አንድ ሰው የሚመለከት መሆን አለበት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ልጆችን «ራሳችሁን በእርሷ ቦታ አድርጋችሁ አስቡ» ማለት የተለመደ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በ25 ሙከራዎች ይህንኑ መርምረው ነበር። ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ ማሰብ ብቻውን የሌላውን ሐሳብና ፍላጎት በትክክል ለማወቅ እንዳልረዳ፣ ሰውየውን ቀርቦ መጠየቅና ማዳመጥ ግን እንደረዳ አሳይተዋል። ቤተሰብም፣ መንግሥትም፣ ዕርዳታ ሰጪ ድርጅትም ሳይጠይቅ የሚሰጠው ነገር ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ሳይውል የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ልጆች ይህን በአሥር ዓመታቸው ቢያውቁት ትልቅ ነገር ነው።

ምሳሌያችንን እንጀምር። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው በር አጠገብ ቆሎ፣ ሙዝና ብስኩት ለምትሸጥ አንዲት እናት የሚጠቅም ነገር ሊሠሩ ተነሡ እንበል። የተመደበላቸው ገንዘብ 900 ብር ነው። መምህርቷ ምን እንደሚያስፈልጋት ስትጠይቃቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ ትልቅ ጃንጥላ ይላል፤ የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ የታወቀ ነውና ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። መምህርቷ ግን ገና ምንም ሳይሠራ ሁለት ነገር ታዛለች። አንደኛው በአራት ቡድን ተከፍለው በተለያየ ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት ከመግቢያው በፊት፣ በዕረፍት፣ በምሳና በመውጫ፣ ከርቀት ሆነው ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ነው። ያሰቡትን ሳይሆን ያዩትን! ሁለተኛው፣ ፈቃዷን ጠይቀው፣ ሥራ በማይበዛባት ሰዓት እንዲያነጋግሯት ነው።

ከርቀት በተደረገው ምልከታ የሚገኘው ነገር ሊያስገርም ይችላል። ከጥላው በፊት የሚያስቸግራት ዝናቡ ሆኖ ይገኛል፤ ዝናብ ድንገት ሲጥል ስድስት ሳህንና አንድ ዘንቢል በአንድ ጊዜ መሰብሰብ አለባት። ባጃጆች በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር አቧራው ቆሎው ላይ ያርፋል። ማታ ሁሉንም ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ጃንጥላ ቢጨመር ሌላ ሸክም ይሆንባታል። ስትጠየቅም ጥላውን ዛፉ እንደሚሰጣት፣ የቸገራት ግን ዕቃውን በፍጥነት የምትከድንበትና በአንድ እጅ የምታነሣው ነገር ማጣቷ እንደሆነ ትናገራለች። ሥራው የሚጀመረው ይህ ሲታወቅ ነው። ተማሪዎቹ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፉታል፦ «በር ላይ የሚሸጡት እናታችን ዝናብና አቧራ ሲመጣ ዕቃቸውን ቶሎ የሚከድኑበት፣ ማታም በቀላሉ የሚሸከሙት ነገር ያስፈልጋቸዋል።» ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የዕቃ ስም አለመኖሩን ልብ ይሏል። ገና ከጅምሩ «ሣጥን ያስፈልጋቸዋል» ብሎ የሚጽፍ ክፍል ሌላ መፍትሔ የማሰብ ዕድሉን ዘግቷል።

በሐዋሳ ይህ ውይይት ሌላም በረከት አለው። ከተማዋ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ሌላውም የሚኖርባት ስለሆነች በአማርኛ በሚማር አንድ ክፍል ውስጥ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ልጆች ይገኛሉ። ሻጯ ሐሳቧን በሲዳምኛ መግለጽ የሚቀላት ከሆነ፣ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ በዚያ ቀን የቡድኑ አፍና ጆሮ ይሆናል። መምህሩ ይህን በአጋጣሚ እንዲሆን መተው የለበትም፤ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው ይገባል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ልጆቹ ስድስት ክፍልፋይ ያለው፣ ክዳኑ በአንድ እንቅስቃሴ የሚዘጋ ሣጥን ለመሥራት ወሰኑ እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌቱ ማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ ትክክለኛውን ዋጋ ልጆቹ ራሳቸው ቢያንስ ከሦስት ሱቅ ጠይቀው ማምጣት አለባቸው። ቁራጭ ችፑድ 300 ብር፣ አራት ማጠፊያ በ40 ብር ሒሳብ 160 ብር፣ ሁለት ሜትር ወፍራም ላስቲክ በ60 ብር ሒሳብ 120 ብር፣ ሚስማርና ኮላ 90 ብር፣ የማንገቻ ገመድ 50 ብር። ድምሩ 720 ብር ሲሆን 180 ብር፣ ማለትም የበጀቱ 20 በመቶ፣ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ቡድን ሣጥኑ ቀለም እንዲቀባ ይጠይቃል፤ ቀለሙ 250 ብር ነው። ከመጠባበቂያው በላይ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ካልተቀነሰ በስተቀር አይቻልም። መምህሩ «አይሆንም» ብሎ ከወሰነላቸው ትምህርቱ ያኔውኑ ይቀራል። መጠየቅ ያለበት ከየትኛው መስመር ላይ ልንቀንስ እንችላለን ብሎ ነው። ላስቲኩ ይቅር የሚል ልጅ ካለ ችፑድ ውኃ ሲጠጣ እንደሚያብጥና እንደሚፈርስ በአንድ ትንሽ ቁራጭ ላይ ውኃ አፍስሶ ማሳየት ይበቃል። ጣውላ ይሁን የሚል ከመጣ ውኃውን ቢችልም ክብደቱና ዋጋው ይጨምራል። ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚያውቅበት እጅ ይፈልጋል፤ ከወላጆች መካከል የቀርከሃ ሥራ የሚችል ካለ ግን ሒሳቡ በሙሉ ሊለወጥ ይችላል። ላሜራ ደግሞ በፀሐይ ይግላል፤ ሙዙን ያበላሸዋል። እያንዳንዱ ምርጫ አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ ነገር ይወስዳል፤ በእነዚህ መካከል የሚዳኘው ልጆቹ ስለ ሴትዮዋ የሰበሰቡት ማስታወሻ ነው። ቀለሙን የሚፈልገው ማን ነው? እርሷ ናት ወይስ እኛ? ይህን ጥያቄ የመለሰ የአሥር ዓመት ልጅ አዋቂዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ነገር አልዘለለም።

ናሙናው ከካርቶን፣ ከአሮጌ ደብተር ሽፋንና ከሲባጎ ይሠራል፤ አንድ ብርም አያስወጣም። የናሙናው ዓላማ ስሕተትን በነፃ ማግኘት ነው። ልጆቹ ናሙናውን ወስደው ይሰጧታል፤ አጠቃቀሙን ግን አያስረዷትም፤ ዝም ብለው ያያሉ። እንበልና ሁለት ነገር ተገኘ። ክዳኑ ወደ ገዢው በኩል ስለሚከፈት ቆሎውን ይጋርዳል፤ ወደ እርሷ በኩል መዞር አለበት። ሌላው ደግሞ ሕፃን ልጇን ስለምታዝል ሣጥኑን በትከሻዋ ማንገት አትችልም። ገመዱን ያሰቡት ልጆች በሙሉ ሕፃኑን በየቀኑ ያዩት ነበር፤ ነገር ግን ሣጥኑንና ሕፃኑን አንድ ላይ አላሰቧቸውም። እንግዲህ የ50 ብሩ ገመድ ይሰረዝና በምትኩ እያንዳንዳቸው 45 ብር የሚያወጡ ሁለት እጀታዎች ይገባሉ፤ ወጪው በ40 ብር ከፍ ይላል።

ግዢው ላይ ሲደረስ ደግሞ የማጠፊያው ዋጋ 55 ብር ሆኖ ይቆያል። ብዙ የብረታ ብረት ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ምንዛሪውን ይከተላል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን በየቤቱ የማያውቅ የለም። አራት ማጠፊያ 220 ብር ይሆናል፤ ጭማሪው 60 ብር ነው። ጠቅላላ ወጪው 820 ብር ይደርሳል፤ 80 ብር ይተርፋል። መጠባበቂያው ባይኖር ኖሮ ሣጥኑ ያለ ክዳን ይቀር ነበር። የመጠባበቂያን ጥቅም በቃል ማስረዳት ብዙ ያስቸግራል፤ ያችን 60 ብር ከራሱ ሰንጠረዥ ላይ የቀነሰ ልጅ ግን አይረሳትም።

አንድ የሚረሳ ወጪ አለ፤ እርሱም ጉልበት ነው። ችፑዱን የሚቆርጠው አዋቂ መሆን ይኖርበታል፤ አናጢ የሆነ ወላጅ በነፃ ቢሠራላቸው እንኳ የሥራው ዋጋ ተጠይቆ በሰንጠረዡ ላይ «በስጦታ የተገኘ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተደረገ ልጆች የሰው ድካም ዋጋ እንደሌለው ይማራሉ፤ ከዚህ የባሰ የበጀት ትምህርት አይኖርም።

በጀት መጠኑን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም የሚመለከት መሆኑን ለማሳየት ሐዋሳ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ የሚሠራ አሳ አጥማጅ ገቢው በየዕለቱ ሐይቁ ከሰጠው ቆሮሶና አምባዛ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እኅት ደመወዟን በወር ታገኛለች። በገጠር ያለ አጎት ዋናውን ገንዘብ የሚያየው ቡና ሲደርስ ነው። የበር ላይ ሻጯ ደግሞ ከዕለት ሽያጯ ላይ የነገውን መግዣ ለይታ፣ ከተረፈው ለዕቁብ ትጥላለች። አራቱም በዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ገንዘብ ቢያገኙ እንኳ በጀታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ልጆቹ የእነዚህን ሰዎች የወር ዕቅድ ቢያወጡ፣ «ለምን አታስቀምጡም?» የሚለው ምክር ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ደግሞ እጅግ ከባድ የሚሆንበትን ምክንያት ያያሉ። ስለ ድህነት ከሚደረግ ብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ስሌት ለልጅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ማስማማቱ ብዙ አያስቸግርም። በአሁኑ የ6-2-4 መዋቅር፣ ማለትም ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ በሆነበት አደረጃጀት፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ክፍሎች ሒሳብ፣ ግብረ ገብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ እንዲሁም የክወናና ዕይታ ጥበባት ይማራሉ፤ ፕሮጀክቱ ከአራቱም የሚገባ ሥራ አለው። ለታችኛዎቹ ክፍሎች በጀቱ በጥቂት አሥር ብሮች፣ ዕቃውም እንደ መጽሐፍ ዕልባት ያለ ትንሽ ነገር ቢሆን ይሻላል፤ መቶኛና የዋጋ ንጽጽር ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ይቆይ። ተማሪው በበዛበት ክፍል ስድስት ስድስት ልጆች ያሉበት ቡድን ተመሥርቶ ለሁሉም የሥራ ድርሻ ይሰጣል፦ ጠያቂ፣ ጸሐፊ፣ ሠዓሊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ገዢና ሒሳብ አጣሪ። ድርሻው በየሳምንቱ መዞር አለበት፤ አለበለዚያ ጎበዝ ተብሎ የሚታወቀው ልጅ ሁሉንም ይጠቀልላል፤ ሴቶቹ ጸሐፊ፣ ወንዶቹ መዶሻ ያዥ ሆነው ይቀራሉ። ብሩን ሁለት ልጆች በአንድነት ይቆጥሩታል፤ አንድ አዋቂም አብሮ ይገኛል። ከጉሊት የተገዛ ነገር ደረሰኝ ስለማይኖረው ቀኑ፣ ዕቃውና ዋጋው በመዝገብ ላይ ተጽፎ ሁለቱም ልጆች ይፈርሙበታል።

የገንዘቡ ምንጭ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ልጅ ብር ማዋጣት ቀላል መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ማምጣት ያልቻለው ልጅ ስለ ሌላው ችግር እየተማረ በራሱ ችግር ይሸማቀቃል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ቢመድበው፣ ወይም ሥራው በሙሉ ከወዳደቁ ዕቃዎች ተሠርቶ «ብሩ» በክፍል ውስጥ የተዘጋጀ የወረቀት ገንዘብ ቢሆን ይሻላል። በወረቀት ገንዘብ የተደረገ ምርጫም እውነተኛ ምርጫ ነው።

የሻጯ ክብርም በዚሁ ልክ መጠበቅ አለበት። ገቢዋን በልጆች ፊት መጠየቅ አይገባም፤ መናገር ከፈለገች በራሷ ፈቃድ ትናገራለች። ልጆቹ «እትዬ» ብለው ቀርበው፣ ጊዜዋን እንደወሰዱባት ዐውቀው፣ አመስግነው መመለስን መማር አለባቸው። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ አንሥቶ በየቦታው መለጠፍ፣ ተሰልፎ ማስረከብና ንግግር ማድረግ እርሷን የትምህርት ቤቱ ማሳያ ያደርጋታል። ከዚህ ይልቅ ግንኙነቱን የሚያስተካክል አንድ ነገር አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ገብታ፣ ሳትከስር እንዴት እንደምትነግድ ልጆቹን እንድታስተምራቸው መጋበዝ። በየቀኑ በትንሽ መነሻ ገንዘብ የምትሠራ እናት ስለ በጀት ከመጽሐፉ የበለጠ ታውቃለች። ልጆቹም የሚረዷትን ሴት እንደ መምህር ሲያዩዋት ማዘንና ማክበር በአንድ ላይ ሊሄዱ እንደሚችሉ ይገባቸዋል።

ምዘናው የሣጥኑን ውበት መመልከት የለበትም፤ ውብ ሣጥን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ታላቅ ወንድም ነው። ሦስት ነገር ከእያንዳንዱ ልጅ በጽሑፍ መጠየቅ ይበቃል፦ መጀመሪያ ምን ገምተህ ነበር፣ ከጠየቅህ በኋላ ምን ቀየርህ፤ በዕቅድህና ባወጣኸው ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት ከምን መጣ፤ ገንዘቡ ስላልበቃ ምን ተውህ፣ ለምን እርሱን መረጥህ? ምንም ያልቀየረ ልጅ ወይ አልጠየቀም፣ ወይ ጠይቆ አላዳመጠም። ከዕቅዱ ፈቀቅ ያላለ ሰንጠረዥም በኋላ የተሞላ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። መምህሩ ልዩነቱን እንደ ጥፋት ከቆጠረው ልጆች ቁጥር ማስተካከልን ይማራሉ፤ ምክንያቱን ለጻፈ ልጅ ሙሉ ነጥብ መስጠት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሣጥኑ ከተሰጠ ከወር በኋላ ሁለት ልጆች ሄደው እንዴት እየሠራ እንደሆነ መጠየቅ አለባቸው። አንዱ ማጠፊያ ተላልቶ ከሆነ የተረፈው 80 ብር አንድ ማጠፊያ ገዝቶ ትንሽ ያስተርፋል፤ ካልተላላ ደግሞ ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ «ለጥገና» ተብሎ ከነፊርማው ይጻፍና በሚቀጥለው ዓመት ለሚገባው የአምስተኛ ክፍል ገንዘብ ያዥ ይተላለፋል።